ቀድሞ መከርከም፣ ኋላ መተኮስ

ከትናንሽ ቁራጭ ጨርቆች እየገጣጠምኩ የምሰፋው የአልጋ ልብስ ሥራ ተጀምሯል። ባቲክ የሚባለውን ጨርቅ ያመጣችልኝ ከውጭ የመጣችው እህቴ ናት። ቅዳሜ ገበያን ባስሰው እንዲህ ያለ አላገኘሁም። በሰም እየተሸፈነ ስለሚነከር ቀለሙ ጀርባው ድረስ ይዘልቃል። ሽመናውም ጥብቅ ነው፤ ቶሎ አይተረተርም። ቀጭን መርፌ ግን ይፈልጋል።

ዋናው ጉዳይ ማስመሪያው ነው፤ ለዚሁ ሥራ የተሠራ ስለሆነ የመስመሮቹ ቁጥር ቁራጩ ሲዘረጋ የሚወጣውን ካሬ መጠን ያሳያል። ሁለት ባለ 4 ኢንች ካሬ ጨርቅ ፊት ለፊት አጋጥሜ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ካሰመርኩት መስመር ግራና ቀኝ ሩብ ኢንች እየራቅኩ እሰፋለሁ። መስመሩ ላይ ስቆርጠው ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቁራጮች ይወጣሉ። ሳልዘረጋው፣ የማስመሪያውን የ3.5 ኢንች መስመር ልክ ስፌቱ ላይ አሳርፋለሁ። በሁለቱ ጎን የተረፈውን በክብ ምላጭ እከረክማለሁ። ስዘረጋውና ስተኩሰው ጥርት ያለ ባለ 3.5 ኢንች ካሬ!

ፒያሳ ያለው ልብስ ሰፊ ወዳጄ «ይሄ ሁሉ ጣጣ ለአልጋ ልብስ?» እያለ ይስቅብኛል። እሱ ሜትርና ሳሙና ይበቃዋል። ለሱሪ እውነቱን ነው። እዚህ ግን እያንዳንዱ ቁራጭ ትንሽ ትንሽ ከተዛነፈ ረድፉ መጨረሻ ላይ ጫፍና ጫፍ አይገናኝም።

ለዳሩ ሰማያዊውን አስቀምጫለሁ። እናቴ ደግሞ ቡናማው ካልሆነ ብላ ድርቅ ብላለች።