መዝገብ ሳይከፈት ስልክ አይደወል፦ በሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ በሕግ ባለሙያነት ያሳለፍኩት

በአንድ ክልል የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ውስጥ ከፍተኛ የሕግ ባለሙያ ሆኜ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ይህን የምጽፈው እዚያ ቦታ ለመግባት ለምታስቡ፣ ወይም ገብታችሁ ግራ ለገባችሁ ነው። እኔ ስገባ እንዲህ ብሎ ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም።

አገባቤ የተለመደው ነው። ማስታወቂያ አየሁ፣ ተመዘገብኩ፣ ተፈተንኩ፣ የምደባ ደብዳቤ ተሰጠኝ። ከዚያ በፊት የግል ድርጅት ነገረ ፈጅ ስለነበርኩ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉን፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን፣ በአሠሪው ወገን ሆኜ አውቀዋለሁ። አሠሪ ሲከራከር ምን ይዞ እንደሚመጣ ማወቄ በኋላ በጣም ጠቅሞኛል።

የዕለት ሥራው ብዙ ነው ግን አያስቸግርም። የኅብረት ስምምነት (የሠራተኛ ማኅበርና አሠሪ የሚፈራረሙት ውል) ሲመጣ ከአዋጁ በታች የወረደ አንቀጽ እንዳይኖርበት ታያላችሁ። የሠራተኛ ማኅበራት መመሥረቻ ሰነድ ትመረምራላችሁ። ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች የሕግ አስተያየት ትጽፋላችሁ። አዋጁን ብቻ ሳይሆን የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎችንም ካነበባችሁ ይሄ ሁሉ ይለመዳል። የሰበር የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። አንድ አንቀጽ ላይ ሰበር ያለውን ሳታዩ አስተያየት አትጻፉ።

ከተቆጣጣሪዎች ጋር ፋብሪካ ውረዱ። የሕግ ባለሙያ ቢሮ ይቀመጥ የሚል አለቃ አይጠፋም፣ አትስሙት። ሕጉ ተቆጣጣሪ በሥራ ሰዓት ያለ ቅድመ ማስታወቂያ እንዲገባ ይፈቅዳል። እኛ ጋ ግን አስቀድሞ ደብዳቤ መጻፍ ልማድ ሆኖ ነበር። ደብዳቤ የደረሰው ድርጅት ወረቀቱን አስተካክሎ ይጠብቃችኋል። አንድ ጊዜ ሳናስታውቅ ሄድን። የሰዓት መቆጣጠሪያው ወረቀት ሁሉም ሠራተኛ 11 ሰዓት ላይ እንደወጣ ይላል። በር ላይ ያለው የጥበቃ ደብተር ደግሞ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በተጣመመ መስመር፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ መውጣታቸውን መዝግቧል። በሳምንት ስድስቱንም ቀን። ያ በቀን 3 ሰዓት ትርፍ ነው። ሕጉ በሳምንት ከ12 ሰዓት በላይ አይፈቅድም፤ ለእያንዳንዱም ሰዓት የመደበኛውን አንድ ተኩል እጥፍ ያስከፍላል። በክፍያ ሊስቱ ላይ የትርፍ ሰዓት የሚባል አምድ እንኳ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የትም ስንገባ መጀመሪያ የምጠይቀው የጥበቃውን ደብተር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

አንዲት ልብስ ሰፊ ቢሮአችን መጣች። የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም ስትንቀሳቀስ ከነበሩት አንዷ ናት። አንድ ጠዋት ጥበቃው ባጇን ተቀብሎ «አትገቢም ተብሏል» አላት። እየተመላለሰች በር ላይ ቆመች፣ አላስገቧትም። ከዚያ ከሥራ ቀርተሻል የሚል የስንብት ደብዳቤ ሰጧት። በመቅረት ለማሰናበት ደግሞ አስቀድሞ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መሰጠት አለበት። ለእሷ አንድም አልተሰጣትም። በፍሬ ነገሩ ቢሄድ የሚያሸንፍ ጉዳይ ነው።

እኔ ጋ ግን ወዲያው አልደረሰችም። የተቀበላት የማስማማት ሥራ የሚሠራው ክፍል ነበር። እዚያ የሚሠራበት መመሪያ እንዲህ ይላል፦ መጀመሪያ ለአሠሪው ስልክ ደውሉ፣ በቃል ለማስማማት ሞክሩ፣ ካልሆነ መዝገብ ክፈቱ። ስለዚህ ተደወለ። የሰው ኃይል ኃላፊው «እያየነው ነው» አለ። «ሰኞ ነይ» ተባለች። ሰኞ መጣች። ኃላፊው መስክ ወጥቷል ተባለ። «በሚቀጥለው ሳምንት» ተባለች። ከበዓል በኋላ፣ ከኦዲት በኋላ፣ ሥራ አስኪያጁ ከውጭ ሲመለስ። ሴትዮዋ መንግሥት ቢሮ ጉዳዬን ይዞልኛል ብላ አምና ትመላለሳለች። እጇ ላይ አንዲት ወረቀት የለም።

ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ የሥራ ውሉ በተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም የማቅረቢያ ጊዜው በማለፉ፣ ይታገዳል። አቤቱታ ሕጉን ለሚያስፈጽመው አካል ከቀረበ ይርጋው ይቋረጣል፣ በጽሑፍ ውሳኔ እስኪሰጥም ድረስ አይቆጠርም። ሕጉ ሠራተኛውን የሚጠብቅበት ጥሩ መንገድ ነው። ግን አቤቱታው መቅረቡን ማስረዳት የሠራተኛዋ ፋንታ ነው። በምን ታስረዳ? በኮሪደራችን አግዳሚ ወንበር?

እኔ ጋ ስትደርስ 3 ወሩ አልፎ ነበር። የዚያኑ ቀን የክስ ማመልከቻዋን አብረን አዘጋጀን፣ በማግስቱ ፍርድ ቤት አስገባች። አሠሪው ስለ ባጁም ስለ ማስጠንቀቂያውም አንድ ቃል አልመለሰም። ፍሬ ነገሩ ሳይታይ ክሱ ይዘጋ የሚል የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ አቀረበ፦ ይርጋ። እሷ ቢሮ ስመላለስ ነበር አለች። ችሎቱም ማስረጃ አምጪ አላት።

ደብዳቤ አረቀቅኩ። በዚህ ቀን ለቢሮአችን አቤቱታ አቅርባለች፣ አሠሪውም በስልክ ተጠይቋል የሚል። ስልኩን የደወለው ባልደረባዬ ቀኑን በማስታወሻ ደብተሩ ይዞት ነበር። የቢሮአችን ኃላፊ ጋ ይዤ ገባሁ። አነበቡት፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«የመዝገብ ቁጥሩ የታለ?»

«አልተከፈተም። በመመሪያው መሠረት በቃል ነው የተያዘው።»

«ታዲያ ቁጥር በሌለው ጉዳይ ላይ ምን ብዬ ነው የምፈርመው? ነገ ኦዲት ይጠይቀኛል።»

መመሪያውን ያወጣው ቢሮው ነው አልኳቸው። ሴትዮዋ መዝገብ ክፈቱ ብትል የምትሰማበት መንገድ አልነበረም አልኳቸው። የባልደረባዬን ደብተር አሳየኋቸው። «የግል ማስታወሻ ሰነድ አይሆንም» ብለው ረቂቁን መለሱልኝ። ምክትላቸው ጋ ሄድኩ። ምክትሉም እሳቸው ያልፈረሙትን አልፈርምም አለ። የችሎቱ ቀጠሮ ደረሰ፣ ደብዳቤው አልወጣም። ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄዋ በይርጋ ውድቅ ሆነ።

ከስንብት የሚነሱ የክፍያ ጥያቄዎች 6 ወር ስላላቸው እነሱን አተረፍን። ካሳና ያልተከፈላት ገንዘብ ተፈረደላት። እሷ ግን የምትፈልገው ገንዘብ አልነበረም። የጀመረችው ማኅበር ነበር፣ እሷ ከበሩ ውጭ ስትቀር እሱም ቀረ። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። አሠሪው ያደረገውን ከአሠሪ እጠብቃለሁ። ሕጉን አስፈጽም ተብሎ የተቋቋመ ቢሮ ግን የሠራተኛዋን መብት በራሱ አሠራር ሲያቃጥል፣ ከዚያም አላውቅሽም ሲል ማየት ሌላ ነገር ነው።

ለምን መዝገብ እንደማይከፈት በኋላ ገባኝ። የሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ «በስምምነት የተፈታ» የሚል አምድ አለ። የተከፈተ መዝገብ ካልተፈታ ውዝፍ ሆኖ ይታያል፣ አፈጻጸም ያወርዳል። ያልተከፈተ ግን የትም አይታይም። መመሪያው እንዲቀየር በጽሑፍ ሐሳብ አቀረብኩ። ለእያንዳንዱ ባለጉዳይ በመጣበት ቀን ማኅተም ያለበት አንድ ገጽ ወረቀት ይሰጠው አልኩ። «ይታያል» ተባለ። አልታየም።

ስለዚህ መዝገብ ቤቱ የሚሠራበትን ሕግ ተጠቀምኩ። መዝገብ ቤት በጽሑፍ የመጣለትን ማመልከቻ አልቀበልም ማለት አይችልም። ሠራተኛ ሲመጣ መጀመሪያ «በጽሑፍ አምጣ፣ በሁለት ቅጂ» እለው ጀመር። መጻፍ የማይችል ከሆነ ተቀምጬ እጽፍለታለሁ። አንዱ ቅጂ ይገባል፣ ሁለተኛው ላይ ገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ተደርጎ በእጁ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የፈለገ ሰው ለፈለገው አሠሪ ስልክ ይደውል። በዚህ የተቆጡኝ አሉ፣ ሥራ አበዛህብን ብለው። ይቆጡ።

ማስማማትን አልጠላም። በቅን ልቦና የሚመጣ አሠሪ አለ፣ በአንድ ስብሰባ የሚያልቅ ጉዳይም አለ። ግን ሠራተኛው ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ መጀመሪያ ቢሮአችን ማለፍ እንደማይጠበቅበት ንገሩት። ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። የዳኝነት ክፍያ እንደማይከፍልም ንገሩት። ከተሰናበተ ሁለት ወር ካለፈው ደግሞ ስምምነት እየተጠበቀም ቢሆን ክሱን ያስገባ በሉት። መመሪያችሁ ሌላ ይል ይሆናል። እናንተ ይህን በሉት።

የስንብት ደብዳቤ ስታነቡ ከምክንያቱ በፊት ቀኖቹን እዩ። አሠሪው ጥፋት የሚለውን ነገር ካወቀ በኋላ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ካላሰናበተ ያለ ማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብቱ ያልፋል። ብዙ ደብዳቤ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት ፈርሜያለሁ የሚል ሲመጣም ወዲያው ተስፋ አታስቆርጡት። መቼ፣ የት፣ ማን ፊት እንደፈረመ ጠይቁት፣ መልሱንም በማመልከቻው ላይ አስፍሩት።

በሁለት ቅጂው ማመልከቻ ላይ መቅረት የሌለባቸው፦ የተቀጠረበት ቀን፣ የተሰናበተበት ቀን፣ የደመወዙ መጠን፣ እና «ወደ ሥራዬ ልመለስ» የሚለው ጥያቄ በግልጽ ቃል። «መብቴ ይከበርልኝ» ብቻ አይበቃም። አሠሪው ጥያቄው ወደ ሥራ መመለስ አልነበረም ብሎ ይከራከርበታልና።