ክብደት ሲጨመርበት የቀለለ ደጋን

ደጋን በምንጠግንበት ክፍል አንዲት ልምድ ያላት ቫዮሊን ተጫዋች መጥታ፣ ደጋኗ ጫፉ ላይ እየከበዳት ክንዷን እንደሚያደክማት ነገረችንና እንድናቀልላት ጠየቀችን። ባልደረባዬ ሚዛን ላይ ቢያስቀምጠው 58 ግራም ሆነ። የቫዮሊን ደጋን አብዛኛውን ጊዜ 60 ግራም አካባቢ ስለሚመዝን ይህኛው ከቀላሎቹ የሚቈጠር ነበር፤ እርሱ ግን የደንበኛዋን ቅሬታ ለማስወገድ ዘንጉን ከጫፉ አጠገብ በስሱ ሊልገው ተነሣ።

መላጊያውን እንዲያስቀምጥ ለመንሁት። ዘንጉ ከብራዚል የሚገኘው ፐርናምቡኮ የተባለ እንጨት ሲሆን፣ ዛፉ በመመናመኑ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ውሏል፤ የተላገውን መልሶ መተካት አይቻልም። ከዚህም በላይ የክብ ዘንግ ግትርነት ከውፍረቱ ጋር እኩል አይቀንስም፤ ውፍረቱ በመቶ 5 ብቻ ቢሳሳ ግትርነቱ አንድ አምስተኛ ያህል ይጠፋል። ጥቂት ግራም ለመቀነስ ሲባል የደጋኑን ድምፅና ምላሽ ማበላሸት ለእኔ ፈጽሞ የሚታሰብ አልነበረም።

ስለዚህ ደጋኑን ጣቴ ላይ አጋድሜ ሚዛኑን የሚጠብቅበትን ነጥብ ፈለግሁ። በእጅ በኩል ካለው የዘንጉ መጨረሻ ሲለካ ነጥቡ 27 ሴንቲ ሜትር ላይ ዋለ፤ በብዙ የቫዮሊን ደጋኖች ግን ከ24 እስከ 26 ሴንቲ ሜትር ባለው ውስጥ ይገኛል። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ መድከም አላስፈለገም። አመልካች ጣት በሚያርፍበት ስፍራ ቀድሞ የብር ሽቦ ተጠምጥሞበት እንደነበር ምልክቱ ይታያል፤ ሌላ ጠጋኝ ሽቦውን አንሥቶ ቀላል የፕላስቲክ ክር ተክቶበታል። የእጅ በኩሉ ሲቀል ሚዛኑ ወደ ጫፍ ሸሸ፤ ተጫዋቿም ከዚያ በኋላ ደጋኑን ባነሣች ቍጥር ከእጇ የራቀ ክብደት ትሸከም ነበር። አንድ ግራም ጫፉ ላይ ቢጨመር የሚዛን ነጥቡ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ ጫፍ ሲሄድ፣ ያው አንድ ግራም እጅ መያዣው ላይ ቢጨመር የሚመለሰው ግማሹን እንኳ አይሞላም፤ ለዚህ ነው የጫፉን ክብደት በጥንቃቄ መጠበቅ የሚገባው።

ክሩን አንሥተን በምትኩ የብር ሽቦ ጠመጠምንበት። ክብደቱ ወደ 62 ግራም ከፍ አለ፤ ሚዛኑም አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ እጅ ተመለሰ። ተጫዋቿ ረዘም ያሉ ኖታዎችን እስከ ጫፉ ድረስ እየሳበች ከሞከረችው በኋላ የጠየቀችን፣ ከየትኛው ክፍል እንጨት እንደቀነስን ነበር። ባልደረባዬ ሚዛን ላይ አስቀምጦ 62 ግራም መሆኑን ሲያሳያት ለማመን ተቸገረች።

ከዚያ ወዲህ በክፍላችን የሚገባ ደጋን ሁሉ ጥምጥሙም ሆነ የፈረስ ጭራው ከመነካቱ በፊት፣ ከክብደቱ ጎን የሚዛን ነጥቡም ተለክቶ በመዝገብ ይሰፍራል።