የአጎቴ ካራቫን በር ቁልፍ እንዴት እንደተጠገነ (እና መስኮቱ እንዴት እንደተሰበረ)

ቁልፉ እጄ ላይ ሲሰበር ብዙ ድምፅ እንኳን አላሰማም፣ ቀጭ አለ በቃ። ግማሹ እጄ ላይ፣ ግማሹ በሩ ውስጥ ቀረ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ምናምን ነው፣ ኮምቦልቻ ገና ሳትግል፣ አጎቴ ሻዩን ይዞ ከኋላዬ ቆሟል። "ቀስ በል ብዬህ ነበር እኮ" አለኝ። ወላሂ አላለኝም። እንደውም "ጠበቅ አርገህ አዙረው" ያለኝ እሱ ራሱ ነው፣ ግን አጎት ነውና ዝም አልኩ።

ካራቫን ስል ለማያውቅ ሰው፣ በመኪና ሚጎተት ቤት ነው፣ ሁለት ጎማ ያለው፣ ውስጡ አልጋና ትንሽዬ ኩሽና ምናምን። ፈረንጆች ለሽርሽር ይዘውት ይዞራሉ፣ እኛ ጋ ግን አብዛኛው ሰው ያየው መንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ የኢንጂነር ማደሪያ ሆኖ ነው። የኛም የመጣው እንደዛው ነው፣ አጎቴ ድሮ በጨረታ ከአሮጌ ጎማና ከባዶ በርሜል ጋር አንድ ላይ ገዝቶት ጓሯችን ውስጥ ቆሞ የማሽላ ማስቀመጫ ሆኖ ኖረ። እኔ ደሞ ዘንድሮ ጠርጌ ቀብቼ ወደ ባቲ መውጫው መንገድ ዳር አውጥቼ ሻይ ቡና ልሸጥበት አሰብኩ። ሁሉም ነገር ደህና ነበር፣ በሩ ብቻ ነው ችግሩ። ማታ ማይቆለፍ ነገር መንገድ ዳር አይቆምም።

አጎቴ በሩን ሚከፍትበት የራሱ ዘዴ ነበረው፣ በጉልበቱ ከታች ወደ ላይ ገፋ ያረገውና እዛው ላይ እያለ ቁልፉን ያዞረዋል። ይሄን በየቀኑ እያየሁ ስለ በሩ አንድም ነገር አላሰብኩም፣ "ቁልፉ ዝጓል" ብዬ ደመደምኩና ሁለት ቀን ሙሉ የሞተር ዘይት አጠጣሁት። የኮምቦልቻን አቧራ ምታውቁ ታውቁታላችሁ። ያ ሁሉ አቧራ ከዘይቱ ጋር ተቦክቶ ቁልፉ ውስጥ ጥቁር ሊጥ ሆነ፣ በሦስተኛው ቀን ከበፊቱ የባሰ ጠነከረ፣ እኔም ጉልበት ጨመርኩ፣ ከዛ ቀጭ።

በሩ እንደተቆለፈ ስለሆነ የተሰበረው፣ የጎረቤት ልጅ በካራቫኑ ጣራ መስኮት አስገብተን ከውስጥ በእጀታው አስከፈትነው። ለልጁ አንድ ሚሪንዳ። ይሄን ልጅ አትርሱት።

መጀመሪያ ያረግኩት ነገር ሱቅ ሄጄ ተራ የቤት በር ቁልፍ ከነሲሊንደሩ መግዛት ነው። ቤት መጥቼ ስለካው የካራቫኑ በር ውፍረት 28 ሚሊ ነው፣ ሲሊንደሩ ደሞ 60 ሚሊ። በሁለቱም በኩል አንድ ተኩል ሳንቲም ከምናምን እየወጣ እንደ አፍንጫ ተገተረ። አስቀያሚነቱን እንኳን እችለው ነበር፣ ግን እንደዛ ወጥቶ የቀረ ሲሊንደር ማንም ሰው በፒንሳ ይዞ ሰብሮ ሚገባበት ነው። ደሞ ለሱ ብዬ አልሙኒየሙን ብቀደው አሮጌው ቁልፍ ተመልሶ አይገጥምም። ባለሱቁ መልሶ አልቀበልም ብሎኝ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ፣ ሚፈልግ ካለ።

ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ደሞ አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና 60ዎቹ ካራቫኖቻቸው ላይ ስለገጠሙት ባርግማን ኤል 66 ስለሚባል ቁልፍ ነው ሚያወሩት፣ ለነሱ ዛሬም እንደ አዲስ ተሠርቶ ይሸጥላቸዋል፣ እኔ ግን የአውሮፓ ካራቫን ይዤ ኮምቦልቻ ነው ያለሁት። ስለዚ ያለውን ከመጠገን ውጪ አማራጭ የለኝም።

የተሰበረውን ቁልፍ ለማውጣት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። አንድ ያልገባኝ ነገር ነበር፣ ቁልፍ ሚወጣው በገባበት አቅጣጫ ሲቆም ብቻ ነው፣ የኔ ደሞ ሲሰበር ትንሽ ዞሮ ነበር። በፒንሳ ብስበው ብስበው ንቅንቅ ሊል ነው? በኋላ በቀጭን ካቻቢቴ መሀሉን ወደ ቦታው መለስ አርጌ፣ የሰጌቶ ምላጭ ሰብሬ በሊማ አቅጥኜ፣ ጥርሱን ወደ ውጪ አዙሬ ከጎኑ ሰደድኩትና ሁለት ሦስቴ ሲነካ ወጣ። ቁራጩን አትጣሉት፣ እኔ ልጥለው ስል እናቴ ናት "ያዘው፣ የተሰበረ ነገር ይፈለጋል" ያለችኝ።

ቀጥሎ ቁልፉን ፈታሁት። አራት ብሎን ነው፣ ሁለቱ በእሺታ ወጡ፣ ሁለቱ አልሙኒየሙ ላይ ነጭ ዱቄት አብቅለው ተጣብቀዋል (ብረትና አልሙኒየም እርጥበት ካገኛቸው እንዲህ ነው ሚበላሉት)፣ በትራፓኖ አወጣኋቸው። ውስጡን ሳየው ምላሱን (ወጣ ገባ እያለ በሩን ሚይዘውን ክፍል) ሚስበው እጅ ተሰንጥቋል። ይሄኔ ነው ትልቁን ስህተት የሠራሁት። ሰፈር ያለ ብየዳ ቤት ወሰድኩት። ብየዳ ሚሠራው ልጅ ኤሌክትሮዱን ገና ሲያስነካው ያ እጅ እንደ ሻማ ፈሰሰ። ሁለታችንም ተያየን። "ብረት አልነበረም እንዴ?" አለኝ። ብረት ይመስላል፣ ይከብዳል፣ ግን የዚንክ ቅይጥ ነው፣ እንዲህ አይነት አሮጌ እቃ ውስጥ ያለው ግራጫ ነገር አብዛኛው እሱ ነው፣ ንጹህ ዚንክ ራሱ 419 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ብረት ግን 1500 አካባቢ ነው። ማግኔት ማስጠጋት ሁለት ሴኮንድ ነው፣ ካልሳበው ብየዳ ቤት አትውሰዱት። በልጁ አልፈርድም፣ እቃውን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

አላህ ሲያወጣኝ፣ ከመፍታቴ በፊት ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንስቼ ነበር፣ እጁንም ለብቻው፣ ከጎኑ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጬ።

ደሴ ወጣሁ። ኮምቦልቻ ላብ በላብ ሆነህ ሚኒባስ ትገባና ሐረጎን ስትጨርስ ጃኬትህን ትፈልጋለህ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ግን ሌላ አገር ነው። ፒያሳ አካባቢ አንድ ቁልፍ ቀራጭ አዛውንት አሉ፣ ሀጂ ነው ሚሏቸው፣ ሱቃቸው ሁለት ሰው አይችልም። ጠረጴዛው ላይ ሁሉንም ዘረገፍኩት፣ የተሰበረውን ቁልፍ፣ የቁልፉን ቤት፣ የቀለጠውን ጠብታ ሳይቀር። ጠብታዋን አንስተው አገላብጠው አይዋትና "ይቺን ደሞ ምን አደረጋት?" አሉኝ። አስበየድኳት ስል ሳቁ። "አብሽር ልጄ፣ አንተ ብቻ አይደለህም።"

እኔ የጠበቅኩት ሁለቱን ቁራጭ ገጥመው ማሽኑ ላይ ኮፒ እንዲያረጉልኝ ነበር። እምቢ አሉ። "ይሄ ቁልፍ ስንት ዓመት ያገለገለ ነው፣ ጥርሱ አልቋል። ይሄን ካስቀረጽክ ድካሙንም አብረህ ነው ምታስቀርጸው።" እና ጋዜጣ ዘርግተው መሀለኛውን ክፍል ገፍተው አወጡት። እድሜ ልኬን ቁልፍ ስከፍት ውስጡን አይቼው አላውቅም ነበር። ስድስት ስስ የነሐስ ቁርጥራጮች፣ እያንዳንዳቸው ከጥፍር ያነሱ፣ መሀላቸው ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያላቸው፣ እና ከያንዳንዱ ጎን ፀጉር ምታክል ሞላ። ቁልፉ ከሌለ ሞላው ይገፋቸውና ጫፋቸው ወጥቶ ቤቱን ይይዛል፣ አይዞርም። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ግን ስድስቱም እኩል ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ፣ ላዩ ልስልስ ይላል፣ ያኔ ይዞራል። ሀጂ እያንዳንዷን በላምባ አጥበው የኔን የዘይት ሊጥ አስለቅቀው በተራ በተራ ጋዜጣው ላይ ደረደሯት፣ ቅደም ተከተሏ ከተዛባ ቁልፉ ሌላ ቁልፍ ነው ሚሆነው። አንዷ ሞላ ተስፈንጥራ ጠፋች፣ መሬት ተደፍቼ ሩብ ሰዓት ፈለግኳት፣ ሀጂ ከቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ሌላ አወጡ። መጀመሪያውኑ ሞላ እንዳላቸው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት።

ያልተቀረጸ ቁልፍ ከደርዘን በላይ ሞክረው አንዱ ጎኑን ትንሽ ሲያቀጥኑት ገባ። ከዛ ማሽን ሳይነኩ በሊማ ብቻ። ይከቱታል፣ የቱ ነሐስ እንደወጣ በአውራ ጣታቸው ይዳስሳሉ፣ ያወጡትና እዛ ጋ ሁለቴ ሞረድ፣ እንደገና ይከቱታል። ዓይናቸው እንኳን እሱ ላይ አልነበረም፣ ከጎን ካለው ባለሱቅ ጋር ስለ ጤፍ ዋጋ እያወሩ ነው። ስድስቱም ልስልስ ሲሉ "ንካው" ብለው ሰጡኝ። ዞረ። ምንም አልታገለኝም።

የቀለጠውንም እጅ ከሦስት ሚሊ ብረት ቆርጠው ሠሩልኝ። ፎቶውን ስልኬ ላይ እያሰፉ እያጠበቡ እውነተኛውን የአንድ ብር ሳንቲም ስክሪኑ ላይ አስቀምጠው እኩል ሲሆን ወረቀት አስደግፈው ሳሉት። እኔ እንዲህ ይሠራል ብዬ አላሰብኩም ነበር ሳንቲሟን ሳስቀምጥ፣ እንዲሁ ነው ያስቀመጥኳት።

ሒሳብ ከፍዬ ልወጣ ስል ምላሱን አንስተው ወደ ብርሃኑ አዞሩት። "ይሄ ከታች ብቻ ነው የተበላው፣ እየው፣ ከላይ ቀለሙ አለ። በርህ ወርዷል። በሩን ካላነሳኸው ይሄንንም ቁልፍ ሰብረህ ትመጣለህ።" የአጎቴ ጉልበት ትዝ አለኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቁልፍ ቁልፍ ስል ሰውዬው በየቀኑ ዓይኔ ስር መልሱን እያሳየኝ ነበር እኮ።

ተመልሼ የታችኛውን ማጠፊያ ፈታሁ። ከአልሙኒየሙ ስር ያለው የበሩ እንጨት ጠቁሯል፣ በጣቴ ስነካው እንደ በሶ እፍኜ ላይ ፈሰሰ። በማጠፊያው ብሎን ቀዳዳ በኩል ስንት ክረምት ውሃ ሲገባ ኖሯል፣ ብሎኑ የያዘው ነገር የለም፣ በሩ በላይኛው ማጠፊያ ብቻ ተንጠልጥሎ ነው ያለው። የበሰበሰውን ፍቄ አውጥቼ ከድሮ አጥራችን የጽድ ቋሚ ቆርጬ በልኩ አስላግቼ ከተትኩ፣ ጽድ በቀላሉ አይበሰብስም፣ ያ ቋሚ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ኖሮ እንኳን ውስጡ ቀይ ነበር። በሩን በሽብልቅ ስድስት ሚሊ ያህል ወደ ላይ አንስቼ ማጠፊያውን በስቴንለስ ብሎን አሰርኩ፣ ብሎኖቹን ግሪስ ቀብቼ፣ ዙሪያውን ሲሊኮን።

መስኮቱ የተሰበረው እዚህ ጋ ነው። ምላሱን ቦታው ላይ ገጥሜ፣ እጀታውን ገና ሳልገጥም፣ ውስጥ ገብቼ ስለካ ከሰዓት በኋላ ያ ነፋስ ተነሳ። በሩ ጓ ብሎ ተዘጋ። አሁን ደሞ ቀጥ ብሎ ስለተስተካከለ ምንኛ አምሮ ተዘጋ! እጀታውም፣ ካቻቢቴውም፣ ስልኬም ውጪ በርጩማው ላይ ናቸው። በጣራዋ መስኮት ትከሻዬ አያልፍም፣ ያ ልጅ ትምህርት ቤት ነው፣ እናቴ ገበያ። አርባ ደቂቃ ያህል ስጮህ ሰማኝ ያለ የለም፣ በመጨረሻ የጎኑን መስኮት ስገፋው ፕላስቲኩ ፀሐይ ስላደረቀው ለሁለት ተሰነጠቀ፣ በሱ ወጣሁ። ስለዚ ቁልፍ ስትሠሩ በሩን በገመድ እሰሩት፣ ወይ ድንጋይ አስደግፉት፣ እጀታውን ደሞ ኪሳችሁ ውስጥ።

የቀረው ቀላል ነበር። ዘይት የለም አሁን፣ የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት ነው፣ እርሳስ ፍቄ ዱቄቱን ቁልፉ ላይ ነስንሼ አስገባ አውጣ አስገባ አውጣ፣ አቧራ አይዝም። በሩ ክፍት እያለ ሃያ ጊዜ ያህል ቆለፍኩ ከፈትኩ። የምላሱን መግቢያ ቦታ ለማግኘት ደሞ የእናቴን ኩል ምላሱ ላይ ቀብቼ በሩን ገርበብ አርጌ አስነካሁት፣ ጥቁሩ ያረፈበት ቦታ ላይ ነው ላሜራውን ያሰርኩት። እናቴ ስለ ኩሉ እስካሁን አታውቅም።

ሦስት ቁልፍ አስቀረጽኩ፣ አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ አጎቴ ጋ፣ አንዱ ማንም ሳይነካው ቁምሳጥን ውስጥ፣ ወደፊት ኮፒ ሚደረገው ከሱ ነው። መስኮቱን ለጊዜው በኮምፔርሳቶ ደፍኜዋለሁ። ካራቫኑ መንገድ ዳር ወጥቷል፣ ትናንት ማታ አጎቴ ሊዘጋ መጣ፣ በሩ በአንድ ጣት ሚዘጋ ሆኖ ሳለ ሰውዬው ቁልፉን ከተተ፣ ጉልበቱን አስደገፈ፣ ወደ ላይ ገፋ አረገና አዞረው። "አየህ" አለኝ፣ "እንዲህ ነው ሚቆለፈው።"