የመምህር እጅ ምን ይላል?

ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳር ጠዋት መምህሩ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ቢያስተምሩ ብርዱ ነው፤ ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። ስለ ሰውነት ቋንቋ የሚጻፉ ምክሮች ግን «እጁን ያጣመረ ሰው ልቡን ዘግቷል» ይላሉ። ያንን ይዞ የእኛን መምህር ማንበብ አያዋጣም። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ክፍሉ ከሞቀ በኋላም እጃቸው ካልተፈታ፣ ያኔ ሌላ ምክንያት ፈልጉ። ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ ከሆነማ መጀመሪያውኑ በብርድ ማመካኘት አይቻልም።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የመምህሩን ልማድ እወቁ። በሴሚስተሩ መጀመሪያ አንድ ሁለት ሳምንት ልብ ብሎ ማየት ይበቃል፦ ሲረጋጉ የት ይቆማሉ? ሲያስረዱ ይመላለሳሉ ወይስ ከሰሌዳው አይርቁም? ትርጉም ያለው ከልማዳቸው ሲወጡ ነው። ግንባር መቋጠር ልማዳቸው የሆነ መምህር ዛሬም ቢቋጥሩ ምንም አላሉም። ሁልጊዜ በዴስኮች መካከል የሚመላለሱ መምህር ድንገት ቆመው ጠመኔውን ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጡ ግን ቀጥሎ የሚናገሩትን ደብተራችሁ ላይ አስፍሩ።

ትልቁ ቁም ነገር ያለው እጅ ላይ ነው። ሰሌዳው ላይ 4 + 3 + 6 = __ + 6 ተጽፏል እንበል። መምህሩ በአፋቸው «ሁለቱ ወገን እኩል መሆን አለበት» ይላሉ። እጃቸው ግን ጠቋሚና መሐል ጣትን እንደ ባላ ከፍቶ 4ንና 3ን ከሥር ነካ ያደርግና ወደ ባዶው ቦታ ይሄዳል። አፋቸው ግቡን ነገራችሁ፤ እጃቸው ደግሞ መንገዱን፦ ሁለቱን ደምራችሁ 7ን እዚያ አስቀምጡ። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲዋ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሱዛን ጎልዲን ሜዶው ይህንኑ ዓይነት ጥያቄ ይዘው ለዓመታት አጥንተዋል፤ ልጆች በቃል ያልተነገረውን ዘዴ ከመምህሩ እጅ እንደሚቀስሙ አሳይተዋል። ዓይኑን ደብተሩ ላይ ተክሎ የሚገለብጥ ተማሪ ይህ ሁሉ ያመልጠዋል። መምህሩ እጃቸው ሰሌዳው ላይ ሳለ እስክሪብቶ ይቁም፤ እጃቸው ሲወርድ ጻፉ።

ዓይን ላይ የእኛ አገር ልጅ ይቸገራል፤ ትልቅ ሰው ላይ ማፍጠጥ ነውር ነው ተብሎ ነው ያደገው። ችግር የለውም፣ ዓይን ለዓይን መግጠም ግዴታ አይደለም፤ ፊታቸውንና እጃቸውን አየት እያደረጉ መከታተል ይበቃል። ስትመልሱ ቅንድባቸውን ብድግ ካደረጉ ወይም ትንፋሽ ሳብ አድርገው «እ» ካሉ ቀጥሉ ማለት ነው። ከንፈራቸውን ከመጠጡ አዝነውላችኋል እንጂ አልተቆጡም፤ ብዙ ጊዜ መልሱ አፋፍ ላይ ደርሳችሁ ስትስቱ ነው የሚመጥጡት። ግልምጫው ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱን ማንም አይስተውም። የሚሳተው ለማን እንደሆነ ነው፤ ከኋላችሁ ለሚያወራው የተላከውን የራሳችሁ አድርጋችሁ ቀኑን ሙሉ ትሸማቀቃላችሁ። ተመልሰው ሲያስተምሩ ወደ እናንተ ሲዞሩ ፊታቸው ከተፈታ፣ ጉዳዩ የእናንተ አልነበረም።

ዝምታም ይነበባል። ሜሪ በድ ሮው የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ፣ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲታገሡ ግን የተማሪዎች መልስ እንደሚረዝምና እንደሚሻሻል አሳይተዋል። ጠይቀው ዝም ያሉት መምህራችሁ የሚያሳፍሩት ተማሪ እያደኑ አይደለም፤ የማሰቢያ ጊዜ እየሰጡ ነው። ዓይናቸው ክፍሉን እየዞረ እግራቸው ካልተንቀሳቀሰ ገና እየጠበቁ ነው። ትከሻቸውና እግራቸው ወደ አንድ ረድፍ ከዞረ ሊጠሩ ነው።

«ከምንግባባው 93 ከመቶው በቃል አይደለም» የሚባለውን አትመኑ። ቁጥሩ በ1967 እ.ኤ.አ. ከወጡ የሥነ ልቦና ተመራማሪው የአልበርት መህራቢያን ጥናቶች የተወሰደ ነው፤ እነሱም የመረመሩት ስሜትና ዝንባሌ በነጠላ ቃላት፣ በድምፅና በፊት እንዴት እንደሚተላለፍ ነው። የፎቶሲንተሲስን ትምህርት ከመምህር ቅንድብ የተረዳ የለም።

ሰዓት ማየታቸውንም በመሰላቸት አትተርጉሙት፤ 40 ደቂቃ ከ60 ተማሪ ጋር ቶሎ ያልቃል። ያነበባችሁትን ከተጠራጠራችሁ ደወሉ ሲደወል ቀረብ ብላችሁ «ቲቸር፣ ያቺን ጥያቄ አንድ ጊዜ ቢደግሙልኝ» በሉ። ጠመኔውን መልሰው ካነሡ አልተቀየሟችሁም።