ሲቪላይዜሽን 6፦ ከተማን በምግብ ብቻ ማሳደግ እንደማይቻል የተማርኩበት ጨዋታ

ሥልጣኔን ከመነሻው እየገነቡ የሚጫወቱትን ይህን የኮምፒውተር ጨዋታ ከጀመርኩ አንሥቶ ለረጅም ጊዜ መልስ ያጣሁለት ጥያቄ አንድ ነበር፤ ዙሪያዋን እርሻ ያሳረስኩላት ከተማ ሕዝቧ ሦስት ሲደርስ ለምን ቀጥ ትላለች? ምክንያቱን ያወቅኩት ባለፈው ጨዋታ ሁለተኛዋን ከተማ ስመሠርት የሠራሁትን ስሕተት ቁጥር በቁጥር ከመረመርኩ በኋላ ስለሆነ፣ ስሌቱን እንዳለ አቀርበዋለሁ።

ከተማዋን የመሠረትኳት በአቅራቢያዋ ባየሁት የቅንጦት ሀብት ተስቤ፣ ከወንዝም ከባሕርም በራቀ የሣር መሬት ላይ ነበር። በዚህ ጨዋታ አንዲት ከተማ የምትጀምርበት የመኖሪያ መጠን፣ ማለትም ለነዋሪዎቿ ያላት ቦታ፣ በውሃ ይወሰናል። ወንዝ፣ ሐይቅ ወይም የበረሃ ምንጭ አጠገብ ከሆነች 5፣ የባሕር ዳርቻ ላይ ከሆነች 3፣ ከሁሉም ከራቀች ደግሞ 2 ነው። ይህን ባውቅም የሚያስከትለውን ልዩነት አቅልዬ አይቼው ነበር።

እያንዳንዱ ነዋሪ በየተራው 2 ምግብ ይበላል። ሕዝቧ 3 በሆነ ጊዜ ከተማዋ ከማዕከሏ 2፣ ከሁለት እርሻዎች 6፣ ካልታረሰ የሣር መሬት ደግሞ 2፣ በድምሩ 10 ምግብ ታገኝ ነበር፤ ነዋሪዎቿ 6 ሲበሉ 4 ይተርፋታል። ወደ አራተኛው ነዋሪ ለመድረስ 33 ያህል ምግብ ማጠራቀም ስለሚያስፈልግ፣ በ9 ተራ ማደግ ነበረባት። ይሁን እንጂ አንድ እርሻ የሚጨምረው መኖሪያ ግማሽ ብቻ ስለሆነ መኖሪያዋ በጠቅላላ 3 ነበር፤ ነዋሪዎቿም 3። ትርፍ መኖሪያ 2 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ዕድገት ሙሉ ነው፤ 1 ብቻ ሲተርፍ በግማሽ ይቀንሳል፤ ሲያልቅ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ነዋሪው ከመኖሪያው በ5 ሲበልጥ ጭራሹን ይቆማል። ስለዚህ ከ4ቱ ትርፍ ምግብ ለዕድገት የሚውለው 1 ብቻ ነበር፤ 9 ተራ ሊፈጅ የሚገባው ነገር 33 ተራ ይጠይቅ ነበር። እኔ በዚያ ሰዓት ያዘዝኩት ግን ሌላ መሬት የሚያርስ ሠራተኛ ነው። ያስፈልጋት የነበረው ጎተራ ነበር፤ ጎተራ 2 መኖሪያና 1 ምግብ ስለሚጨምር ዕድገቷ ሙሉ ሆኖ በ7 ተራ አራተኛ ነዋሪዋን ታገኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ውሃ በሌለበት ቦታ ስሰፍር የሸክላ ሥራን ዕውቀት አስቀድሜ አጠናለሁ፤ የመጀመሪያው ግንባታዬም ጎተራ ነው። ቆይቶ የሚመጣው የውሃ ቦይ እንዲህ ያለችውን ከተማ መነሻ መኖሪያ ወደ 6 ከፍ ያደርጋል፤ ለከተማዋ ከሚፈቀዱት ዲስትሪክቶች (ለልዩ ልዩ ሥራ የሚገነቡ የከተማ ክፍሎች) ቁጥር ገደብ ውስጥም ስለማይገባ ቦታው ከተገኘ ሳላመነታ እሠራዋለሁ።

አዲስ ከተማ የሚመሠርት ሰፋሪ የማሠለጥንበትን ጊዜም ቀይሬያለሁ። ሰፋሪ ከከተማዋ አንድ ነዋሪ ይወስዳል፤ ስለዚህ ቀድሞ ዋና ከተማዬ ትልቅ እስክትሆን እጠብቅ ነበር። ወንዝ ዳር ያለች ዋና ከተማ ግን ቤተ መንግሥቱ የሚጨምረውን 1 ይዛ መኖሪያዋ 6 ስለሆነ፣ አምስተኛው ነዋሪ ሲወለድ ዕድገቷ በግማሽ ይቀንሳል። ሰፋሪው በዚያን ጊዜ ከወጣ ሕዝቧ ወደ 4 ይመለስና ዕድገቷ እንደገና ሙሉ ይሆናል። ይህን ያህል ቀላል ለውጥ በጨዋታው መጀመሪያ ላይ ካገኘኋቸው ትምህርቶች ሁሉ የበለጠ ጠቅሞኛል ብዬ አምናለሁ።

እስከ ምን ድረስ ላሳድግ ለሚለው ጥያቄ የምመለከተው ዲስትሪክት የሚፈቀድባቸውን የሕዝብ ቁጥሮች ነው፤ እነርሱም 1፣ 4፣ 7፣ 10 እያሉ ይቀጥላሉ። አብዛኞቹን ከተሞች 7 ላይ አቆማቸዋለሁ፤ 10 እንድትደርስ የምደክመው ለዋና ከተማዬ ብቻ ነው። ምክንያቱም ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ነዋሪዎች በኋላ ለየሁለት ነዋሪ ደስተኛ የሚያደርጋቸው አንድ ምቾት ማሟላት ያስፈልጋል፤ ምቾት የሚሰጠው አንድ የቅንጦት ሀብት ደግሞ የሚያዳርሰው 4 ከተሞችን ብቻ ነው። ሦስተኛው ዲስትሪክት እንደተፈቀደ ነዋሪዎቹን ከእርሻ አንሥቼ ወደ ማዕድን ማውጫ እመድባቸዋለሁ።

አሁን በያዝኩት ጨዋታ የምሞክረው ሦስት እርሻዎችን እርስ በርስ አዋስኖ ማረስን ነው፤ ፊውዳሊዝም የተባለው የጨዋታው ዕውቀት ከተጠና በኋላ ሁለት እርሻዎች የሚያዋስኑት እርሻ 1 ምግብ ይጨምራል። ለዚህ የሚሆነውን መሬት በሁለት ከተሞች ከዲስትሪክት ነፃ አድርጌ ይዤዋለሁ።