ለአንድ ወንበር እኩል ድምፅ

"የኔ አንድ ድምፅ ምን ያመጣል?" ለሚለኝ ሰው ሁሌ የማነሳው የአሜሪካዋን ግዛት የቨርጂኒያን የ2017 ምርጫ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ሼሊ ሲሞንድስ ኒውፖርት ኒውስ ከተማ ውስጥ የግዛቱን ምክር ቤት ወንበር ከያዘው ከዴቪድ ያንሲ ጋር ተፎካከረች። መጀመሪያ ተሸነፈች ተባለ። ድጋሚ ሲቆጠር ግን በአንድ ድምፅ በለጠች። በቃ አለቀ ሲባል፣ ሦስት ዳኞች ሳይቆጠር የቀረ አንድ የድምፅ መስጫ ወረቀት አንስተው ለያንሲ ሰጡት። መራጩ ከሁለቱም ስም አጠገብ ያለውን ክብ አጥቁሯል፤ የሲሞንድስ ላይ ግን ሰረዝ አድርጎበታል። መሳሳቱ ነው ወይስ ሐሳቡን መቀየሩ? እሱ ነው የሚያውቀው። ውጤቱ 11,608 ለ11,608!

ከዚያስ? ዕጣ። የምሬን ነው። ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 ስማቸው ትንንሽ የካሜራ ፊልም ማስቀመጫ ውስጥ ተደርጎ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ገባ፣ የያንሲ ወጣ፣ የሱ ፓርቲ ሪፐብሊካኖችም ምክር ቤቱን 51 ለ49 ይዘው ቀጠሉ። ሕጉ ይፈቅዳል፤ ለኔ ግን ድጋሚ ምርጫ ይሻል ነበር።

ወንበር ላይ ያለ ሰው ስሙ የታወቀ ነው፣ ገንዘብም በቀላሉ ያገኛል፤ እንዲህ ለጥቂት ያመለጠው ተፎካካሪ ተስፋ ቢቆርጥ አይፈረድበትም። ሲሞንድስ ግን 2019 ላይ ያንኑ ሰው ገጥማ በግልጽ አሸነፈችው።