ለልብ ሕክምና ወረፋ ላይ ላላችሁ፦ ትንፋሽና ጥሞና

ሪፈር ተጽፎ፣ ስም ተመዝግቦ፣ «እንደውላለን» ተብሎ ወደ ደሴ ወይም ወደ ኮምቦልቻ መመለስ ራሱን የቻለ ከባድ ጊዜ ነው። ቀዶ ሕክምናው በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው፤ ወረፋው ወራት ሊፈጅ ይችላል። ቤተሰቡም ጎረቤቱም «አብሽር፣ አይዞህ» ይላል፤ ሌሊት ልብ ድው ድው ሲል ግን ሰው ብቻውን ነው። ለዚያ ሰዓት የሚሆን፣ ገንዘብ የማያስወጣ ነገር አለ፤ ጥሞና ወይም ሜዲቴሽን ይሉታል። ለጤነኛ ሰው ተብሎ በዩቲዩብ የሚለቀቀው ትምህርት ግን ለልብ ታማሚ እንዳለ አይሆንም።

ለምን እንደሚጠቅም ልንገራችሁ። በአገራችን ብዙ ወጣቶችን ለቫልቭ (በልብ ውስጥ ደም የሚያሳልፈው በር) ሕመም የሚዳርገው በልጅነት በቅጡ ሳይታከም ከቀረ የጉሮሮ ሕመም የሚመጣው ሪውማቲክ የልብ ሕመም ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው በልብ ግራ በኩል ያለው ሚትራል ቫልቭ ነው። ይህ ቫልቭ ሲጠብ፣ ደም ከላይኛው ክፍል ወደ ታችኛው ለመውረድ ጊዜ ያስፈልገዋል፤ ጊዜውን የሚያገኘው ደግሞ ልብ በሁለት ምት መካከል በሚያርፍባት ቅጽበት ነው። ልብ በደቂቃ ከ70 ወደ 120 ምት ሲፈጥን ያቺ ዕረፍት ታጥራለች። ያልወረደው ደም ወደኋላ ይጠራቀማል፣ በሳንባ ውስጥ ግፊት ይጨምራል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ትንፋሽ ሲያጥር ሰው ይፈራል፤ ሲፈራ ልቡ ይበልጥ ይፈጥናል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ታማሚ ሲጨነቅ «ዝም ብሎ ሐሳብ ነው» ማለት ስሕተት ነው፤ ፍርሃቱ በቀጥታ ትንፋሹን ያሳጥረዋል። የጥሞና ሥራ ይህን አዙሪት ማላላት ነው። የጠበበ ቫልቭ አያሰፋም፤ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጉትን ቤንዛቲን ፔኒሲሊንም አይተካም። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ ሜዲቴሽን ከመደበኛው ሕክምና ጎን ለጎን ሊሞከር እንደሚችል፣ ማስረጃው ግን ገና ጠንካራ እንዳልሆነ ጽፏል። እኔም ከዚያ በላይ ቃል አልገባም።

መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ሁለቱም እግሮች መሬት ይንኩ። በጀርባ ተንጋልሎ መሥራት አይሆንም፤ ጋደም ሲሉ ከእግርና ከሆድ የሚመለሰው ደም ሳንባን ያጨናንቃል። አልጋ ላይ ከሆነ ጀርባን በሁለትና በሦስት ትራስ ከፍ ማድረግ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ማለዳና ማታ ትበርዳለች፤ ብርድ የደም ሥርን አጥብቦ የልብን ጫና ይጨምራል። ስለዚህ ጋቢ ደርቡ፣ ካልሲ አድርጉ። በር ዘግቶ ከሰል ማቀጣጠል ግን ፈጽሞ አይሞከር፤ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል።

አየሩን በአፍንጫ በቀስታ ሳቡ፤ ከንፈርን ትኩስ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው ሾል አድርጋችሁ አስወጡ። መጀመሪያ በ3 ሰከንድ መሳብ፣ በ4 ሰከንድ ማስወጣት ይበቃል። ሳምንት ያህል ቆይቶ ከተመቻችሁ 4 እና 6 አድርጉት፤ ያ በደቂቃ 6 ትንፋሽ ይሆናል። ሁሉም ሰው ግን እዚያ መድረስ የለበትም። ሳንባው የተጨናነቀ ሰው ቁጭ ብሎም ቶሎ ቶሎ ነው የሚተነፍሰው፤ በግድ ሲያዘገየው አየር ይጠማዋል። ሁለት ሦስቴ ተንፍሳችሁ ድንገት አየር መጎረስ ካማራችሁ ቁጥሩ በዝቶባችኋል ማለት ነው፤ ቀንሱት። ቁም ነገሩ ማስወጣቱ ከመሳቡ መርዘሙ ነው፤ ልብ በተፈጥሮው ትንፋሽ ሲወጣ ዘገም ይላል።

ትንፋሽ አምቆ መያዝ የሚያዝዙ ልምምዶችን ተዉ። በተለይ አምቆ ማማጥ ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ይቀንሳል፤ የአኦርታ ቫልቭ (ደም ከልብ ወደ ሰውነት የሚወጣበት በር) ጥበት ያለበትን ሰው ራሱን ሊያስተው ይችላል። በኃይል፣ በጥልቀትና በፍጥነት መተንፈስም ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከልክ በላይ ያስወጣል፤ ከንፈርና ጣት ይነዝራል፣ ጭንቅላት ይዞራል፣ ታማሚውም ልቡ ያቆመ መስሎት ይደነግጣል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ሐሳባቸውን የሚያሳርፉበት ቦታ ላይ ነው። «የልብህን ምት አዳምጥ» የሚል መመሪያ ምቱ ለተዛባበት ሰው መርዝ ነው፤ እያንዳንዷን የዘለለች ምት እየጠበቀ ይጨነቃል። ሐሳብ ከደረት ይራቅ፦ መሬት የነካው መዳፈ እግር ላይ፣ ወይም በምትደግሙት ቃል ላይ ይረፍ።

ለዚህ ደግሞ የወሎ ሰው እጁ ላይ ያለው በቂ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የታተመ የጣሊያን ተመራማሪዎች ጥናት፣ በመቁጠሪያ የሚደገም የካቶሊክ ጸሎትና በዮጋ የሚደጋገም ቃል (ማንትራ) ሁለቱም ትንፋሽን በደቂቃ ወደ 6 እንደሚያወርዱ አሳይቷል። ተስቢህም ሆነ መቁጠሪያ በዚሁ መንገድ ሊያገለግል ይችላል፤ አንድ ፍሬ ለአንድ ትንፋሽ፣ ቃሉም በማስወጣት ላይ። በ10 ሰከንድ አንድ ከሆነ «ሱብሐነላህ» 33 ጊዜ አምስት ደቂቃ ተኩል ይወስዳል፤ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ ደግሞ ሰባት ደቂቃ ገደማ። ሰዓት ማየት አያስፈልግም። ችግሩ ከልማድ የተነሣ ምላስ መቸኮሉ ነው፤ ቃሉ በፍጥነት ከተንቆረቆረ ትንፋሹም አብሮ ይሮጣል። ጎንበስ ሲል ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ሱጁዱንም ስግደቱንም ወንበር ላይ ሆኖ ያድርስ፤ ሸኾቹንም የንስሐ አባትንም ብትጠይቁ ለታማሚ ይፈቅዳሉ። ዱዓ ወይም ጠበል ያዝኩ ብሎ መድኃኒትና መርፌ ማቋረጥን ግን እለምናችኋለሁ፣ አታድርጉት።

በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከአምስት እስከ አስር ደቂቃ ይበቃል። ላዚክስ (ውኃን በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት) የምትወስዱ ከሆነ እንክብሉን ከመዋጣችሁ በፊት ተቀመጡ፤ ከተዋጠ በኋላ ያሉት ሁለት ሰዓታት ሽንት ቤት መመላለሻ ናቸው። ከቡና በፊት ይሁን። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ስለሚጨምር ወዳጃ (የዱዓ ስብሰባ) ላይም ቢሆን ለልብ ታማሚ አይመከርም፤ ዱዓው ያለ ጫትም ይደርሳል። ስትጨርሱ ብድግ አትበሉ፤ የግፊት መድኃኒትና ላዚክስ ስትቆሙ ግፊትን ያወርዳሉ፣ አንድ ደቂቃ ቁጭ በሉ።

ሌሊት ትንፋሽ አጥሯችሁ ከነቃችሁ፣ ፍርሃት ይሁን የሳንባ ውኃ በራስ መለየት ያስቸግራል። እግርን ከአልጋ አውርዶ ቀጥ ብሎ መቀመጥ፣ መስኮት መክፈት፣ ማስወጣቱን ማርዘም። በአስር ደቂቃ ውስጥ ካልቀለለ ወደ ሆስፒታል ነው። የደረት ውጋት፣ ራስን መሳት፣ ሮዝ አረፋ ያለው አክታ፣ የአንድ ጎን መዛል ካለ ግን አስሩንም ደቂቃ አትጠብቁ።

ልምምዱ ምርመራም ላይ ይረዳል። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ሲሠራ በግራ ጎን ተኝታችሁ ባለሙያው ለአፍታ «ትንፋሽ ያዝ» ሊላችሁ ይችላል፤ ያ አጭር ስለሆነ አያስፈራም፣ ካቃታችሁ ንገሩት። የጠበበ ሚትራል ቫልቭ በብሽሽት በኩል በሚገባ ትንሽ ፊኛ ሲከፈት ብዙ ጊዜ ታማሚው ነቅቶ፣ ብሽሽቱ ብቻ ደንዝዞ ነው፤ እዚያ ጠረጴዛ ላይ የለመዱትን ቃል በልብ መድገም ይቻላል።

ደብተር ያዙ። ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት ክብደት፤ ከጥሞና በፊትና በኋላ ለሙሉ 60 ሰከንድ የተቆጠረ የእጅ ምት፤ ማታ የተደገፋችሁበት የትራስ ብዛት። በሦስት ቀን 2 ኪሎ ከጨመራችሁ ወይም ትራሱ ከሁለት ወደ ሦስት ከወጣ፣ ጥሞናው ቢያረጋጋችሁም የቀጠሮውን ቀን ሳትጠብቁ ደብተሩን ይዛችሁ ወደ ሐኪማችሁ ሂዱ።